«አማርኛ» ወደ ፕሪንተር ሲላክ፦ በኦፕን ሶርስ ተርሚናል ኢሙሌተሮች የኅትመት ንድፍ ላይ የቀረበ ገለጻ



ነገሬን ከከሚሴ ልጀምር። በጨፋ ሸለቆ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ አንዱ በቁቤ፣ ሌላው በግዕዝ ፊደል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቢሮ ከዶት ማትሪክስ ፕሪንተር የወጣ ደረሰኝ አሳይተውኝ ነበር። የኦሮምኛው መስመር ጥርት ብሎ ታትሟል፤ የአማርኛው ግን ትርጉም የለሽ የምልክት ድርድር ሆኗል። ሠራተኞቹ ፕሪንተሩ ተበላሽቷል ብለው ደምድመዋል። ፕሪንተሩ ግን ጤነኛ ነበር።

ሶፍትዌሩ የሚሠራው በሩቅ ሰርቨር ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ተርሚናል ኢሙሌተር ብቻ ነው። ሰርቨሩ ማተም ሲሻ 27፣ 91፣ 53፣ 105 የተባሉትን ባይቶች ይልካል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ ስክሪኑን ትቶ ወደ ፕሪንተሩ ይፈሳል፤ 27፣ 91፣ 52፣ 105 ሲደርስ ያበቃል። ሥርዓቱ የእነ ቪቲ 220 (እ.ኤ.አ. 1983) ውርስ ነው፤ ኤክስተርምና ፑቲ ዛሬም ያውቁታል።

የቁቤ ፊደል 1 ባይት ስለሆነ አሮጌው ፕሪንተር አያደናግረውም። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የተካተተው የግዕዝ ሆሄ ግን በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል፤ ፕሪንተሩም አንዱን ሆሄ ሦስት ባዕድ ምልክት አድርጎ ያትመዋል። 80 ምልክት የሚይዝ መስመር በ26 ሆሄ ይሞላና የሂሳቡ ዓምድ ይፈርሳል።

የባሰው ችግር ሌላ ነው። በጥንቱ የ8 ቢት አጻጻፍ 27 እና 91 በአንድ ባይት፣ በ155፣ ሊተኩ ይችላሉ። «ማ» ደግሞ 225፣ 136፣ 155 ነው፤ «ኛ» 225፣ 138፣ 155። «አማርኛ» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ባይት ሁለት ጊዜ ተሸክሞታል! የማቆሚያውን ትእዛዝ በጥሬ ባይት የሚጠባበቅ ፕሮግራም 155ን ይዞ ያቆያል፤ ጥርጣሬው ሐሰት ሲሆን ካልለቀቀው ሆሄው ተቆርጦ ይደርሳል። ይህን ስሕተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ፕሮግራሜን በ«ሰላም» ስፈትነው እንከን አልነበረውም፤ በሦስቱ ሆሄያት ውስጥ 155 የለማ። የቋንቋውን ስም ስጽፍ ግን ተጋለጥሁ።

መፍትሔው በዩቲኤፍ-8 ጊዜ ብቻውን የመጣ 155ን እንደ ትእዛዝ አለመቁጠር ነው። 27 በባለብዙ ባይት ሆሄ ውስጥ ከቶ አይገኝም፤ የእነዚያ ባይቶች ሁሉ 128ና ከዚያ በላይ ናቸውና። መስመሩ በመካከል ቢቋረጥም ኅትመቱ መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ባለጉዳዩ በመስኮቱ ፊት ቆሞ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ግን ሆሄ የማያውቀውን ፕሪንተር ሆሄ አያስተምረውም። ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ያስፈልጋል፦ ጽሑፉን ፈትቶ፣ በፎንት ሥሎ፣ እንደ ምስል መላክ። የዶት ማትሪክስ መርፌዎች ነጥብ እስከመቱ ድረስ ግዕዝን መሣል አይሳናቸውም፤ ፍጥነታቸው ግን ይቀንሳል። ፕሮግራሙ ከሁለቱ መንገዶች አንዱን በግምት እንዲመርጥ አልደግፍም። ሰርቨሩ የፕሪንተሩን የራሱን ትእዛዝ፣ ለምሳሌ ወረቀት መቁረጫውን፣ ቢልክ ሠዓሊው እንደ ጽሑፍ ያትመዋል። ምርጫው ለየፕሪንተሩ በሰው እጅ ይሰጥ። ኅትመቱም ሲጀመር ዝግ ይሁን፤ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፋይል በተርሚናል ላይ መክፈት ብቻ ወረቀት ሊያስጨርስ ይችላልና። ፑቲ ተጠቃሚው ፕሪንተር እስኪመርጥ ድረስ የማያትመው በከንቱ አይደለም።