የናይትሮጅን ማዳበሪያ አጠቃቀምና የቢራ ገብስ ጥራት

የቢራ ገብስ በአርሲ፣ በባሌና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ለአርሶ አደሩ ጠቃሚ የገበያ ሰብል ነው። ከምግብ ገብስ የሚለየው ምርቱ በኩንታል ብዛት ብቻ ሳይሆን በፍሬው የፕሮቲን መጠን ጭምር የሚመዘን በመሆኑ ነው። የብቅል ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚቀበሉት የፕሮቲን መጠኑ ከ9 እስከ 12 በመቶ የሆነ ገብስ ነው። ከዚህ ያለፈ ምርት ተቀባይነት ሊያጣና በምግብ ገብስ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል።

ናይትሮጅን በጥራት ላይ ያለው ተጽዕኖ

ሰብሉ ከአፈር የሚወስደው ናይትሮጅን በፍሬው ውስጥ ፕሮቲን ለመሥራት ይውላል። የፕሮቲን መጠን ሲጨምር የስታርች ድርሻ ስለሚቀንስ ከብቅሉ የሚገኘው የቢራ ምርት ያንሳል፤ ቢራውም ሊደፈርስ ይችላል። ከመጠን ያለፈ ናይትሮጅን ሰብሉን ለመጋሸብ ያጋልጣል፤ የመድረሻ ጊዜውንም ያዘገያል። በአንጻሩ ናይትሮጅን ሲያንስ ምርት ይቀንሳል፤ ፕሮቲኑ እጅግ ያነሰ ገብስም ለብቅል ዝግጅት የሚያስፈልጉ ኢንዛይሞችንና ለእርሾ የሚሆን ምግብ በበቂ ሁኔታ አይሰጥም።

የዝርያዎች ልዩነት

እንደ ሆልከር ያሉ ቀደምት ዝርያዎች ቁመታቸው ረዘም ስለሚል ማዳበሪያ ሲበዛባቸው በቀላሉ ይጋሸባሉ። ከአውሮፓ የገቡት እንደ ትራቬለር ያሉ አጠር ያሉ ዝርያዎች የተሻለ መጠን መሸከም ይችላሉ። ይሁን እንጂ ሰብሉ አለመጋሸቡ ብቻ ፕሮቲኑ በገደቡ ውስጥ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

መጠንና ጊዜ

100 ኪሎ ግራም ኤን ፒ ኤስ 19 ኪሎ ግራም፣ 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ ደግሞ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ለምሳሌ በሄክታር 100 ኪሎ ግራም ኤን ፒ ኤስና 50 ኪሎ ግራም ዩሪያ የተጠቀመ አርሶ አደር 42 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ሰጥቷል ማለት ነው። ይህ ስሌቱን ለማሳየት የቀረበ እንጂ ለሁሉም ማሳ የሚያገለግል ምክረ ሐሳብ አይደለም። ባቄላ ወይም አተር ተዘርቶበት የነበረ ማሳ በአፈሩ ውስጥ ናይትሮጅን ስለሚቀርለት የዩሪያው መጠን ሊቀነስ ይገባል።

ዩሪያ አፈሩ እርጥበት ባለው ጊዜ፣ ቡቃያው ከሥሩ ተጨማሪ አገዳ በሚያወጣበት ወቅት ቢጨመር ለምርት ዕድገት ይውላል። ዘለላ ካወጣ በኋላ የሚጨመር ዩሪያ ግን በዋናነት የፍሬውን ፕሮቲን ከፍ ያደርጋል።

ስለሆነም አርሶ አደሮች ማዳበሪያ ከመግዛታቸው በፊት የዘሩትን ዝርያ፣ የማሳውን የአፈር ዓይነትና ያለፈውን ዓመት ሰብል ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ በመግለጽ ተስማሚውን መጠን እንዲጠይቁ፣ በውል የሚያመርቱም የተረካቢውን የፕሮቲን ገደብ አስቀድመው በውሉ ላይ እንዲያረጋግጡ ይመከራል።