ኮምፒውተሩ ለምን ከዜሮ ይቆጥራል?

ፕሮግራሚንግ ስንጀምር ብዙዎቻችንን የሚያደናግረን ነገር የኮምፒውተሩ ከዜሮ መቁጠር ነው። ምክንያቱን ከተረዳን ግን በላብራቶሪ ሥራችን ውስጥ ሳይታወቅ የሚገባን ስሕተት መከላከል እንችላለን።

አሬይ ማለት በተርታ የተቀመጡ ቁጥሮች ናቸው። በቅንፍ የምንጽፈው ኢንዴክስ የሚመልሰው «ስንተኛ ነው?» የሚለውን ሳይሆን «ከመነሻው ምን ያህል ይርቃል?» የሚለውን ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከመነሻው ስለማይርቅ 0 ነው። የሊፍት ቁልፎችን አስቡ፤ ምድር ቤቱ 0፣ ከሱ በላይ ያለው 1 ነው። አዲስ አበባ ላይ «ጂ ፕላስ 4» የሚባለው ሕንፃም አምስት ወለል አለው።

ነገሩ ከማሽኑ አሠራር የመጣ ነው። የእስራኤል የመጀመሪያው ኮምፒውተር ዋይዛክ የተሠራው እዚሁ ረሆቮት፣ በዋይዝማን ተቋም፣ በ1954 እና በ1955 ነበር። ንድፉ የተወሰደው ፕሪንስተን ከነበረው የቮን ኖይማን ማሽን ነው። በዚያ ንድፍ በማኅደረ ትውስታው ያለ እያንዳንዱ ቦታ አድራሻ አለው፤ በተርታው መነሻ አድራሻ ላይ ርቀቱ ሲደመር የምንፈልገው ይገኛል። ዛሬም እንዲሁ ነው።

ወላጆቻችን በሚያውቁት ዘመን አቆጣጠር እንየው። «ዝናብ» የተባለ አሬይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የ13ቱን ወራት የዝናብ መጠን ይዟል እንበል። በፓይተን፣ በናምፓይ፦

• ዝናብ[0] መስከረም፣ ዝናብ[12] ጳጉሜን ነው። ዝናብ[13] ብንል ስሕተት መሆኑን ነግሮን ይቆማል።
• ዝናብ[-1] ከኋላ ስለሚቆጥር ጳጉሜንን ይሰጣል።
• ዝናብ[0:3] መስከረምን፣ ጥቅምትንና ኅዳርን ይሰጣል፤ ኢንዴክስ 3 አይካተትም።
• ዝናብ[[0, 8]] መስከረምንና ግንቦትን ብቻ ይመርጣል።
• ዝናብ[ዝናብ > 100] ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ የሆኑትን ብቻ ያወጣል።

አደጋው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የየወሩን ዝናብ ካለፈው ወር ጋር ለማነጻጸር ዝናብ[ወ] - ዝናብ[ወ-1] ብለን ከ0 ብንጀምር፣ መስከረም ላይ ስንደርስ ወ-1 የሚሆነው -1 ነው። ስለዚህ መስከረም የሚነጻጸረው ከአምናው ጳጉሜን ጋር ሳይሆን በዓመቱ መጨረሻ ገና ከሚመጣው ጋር ነው። ኮምፒውተሩ ምንም አይልም፤ ግራፉም ደህና ይመስላል። መፍትሔው ስሌቱን ከ1 መጀመር ነው።

ማትላብ ግን ከ1 ነው የሚቆጥረው፤ እዚያ ጳጉሜን 13 ነው። ስለዚህ ኮድ ከአንዱ ወደ ሌላው ስናዛውር፣ ከምንም በፊት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር አውጥተን ከመዝገባችን ጋር እናስተያይ።