ስለ ሐረና ደን እንቁራሪቶች አቈጣጠር

በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ገጽ ባለው በሐረና ደን፣ በሌላ አገር ፈጽሞ የማይገኙ ሁለት የእንቁራሪት ወገኖች አሉ። ባሌብሬቪሴፕስ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ኤሪካባትራኩስ በ1991 ለሳይንስ ታወቁ። የፊተኛው ከወደቀ ግንድ ሥር ይሸሸጋል፤ የኋለኛው ከትንንሽ ወራጅ ውሃ ዳር አይርቅም። ስለዚህ ቈጣሪ ግንድ ሲገለብጥ እንደ ነበረ መመለስ አለበት፤ አለዚያ ቤቱን አፈረሰበት ማለት ነው። አንድ ሌሊት ፈልጎ ማጣትም የለም አያሰኝም፤ በዚያው ስፍራ በየዓመቱ መመላለስና የፈለጉበትን ሰዓት መጻፍ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ሁለቱም ሳይመናመኑ እንዳልቀሩ ያመለከተው በብዙ ዓመት ምልልስ ነው። ደኑ ሲመነጠር፣ ከብትም የጅረቱን ዳር ሲረግጠው መሸሸጊያው ይጠፋል። እንደ እኛ አሳብ፣ ከእረኞቹ ጋራ ተስማምቶ የከብቱን መጠጫ ከጅረቱ ምንጭ ዝቅ ማድረግ መጀመሪያ ሊሞከር ይገባል።