መዳፍ «ምንድን ነው?» ሲል

ጁባ፣ ንያኩሮን ሰፈር ማታ ቡና የሚጠጣ ሰው የጎረቤቱ ጀኔሬተር አይሰማውም። እሱ እየጮኸ ወሬው ይደራል። ድንገት ጸጥ ሲል ግን ሁሉም ቀና ይላል፤ በእኛ ቤት መብራቱ እንዳለ ነው፣ የተለወጠው ጸጥታው ብቻ ነው።

ያን ጊዜ መዳፍም ሥራ ላይ ነው። አዲስ ነገር በመጣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰከንድ ውስጥ የመዳፍ ላብ ዕጢዎች ለዓይን የማይታይ ጥቂት ላብ ይገፋሉ። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና፣ ሁለት ጣት ላይ የታሰረ፣ ግማሽ ቮልት ገደማ የሚልክ መሣሪያ ለውጡን ያነብባል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፌሬ ነገሩን የጻፈው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ጸጥታው ነው። ሩስያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ፓቭሎቭ ይህን ነቃ ማለት የ«ምንድን ነው?» ምላሽ ብሎታል። ኋላ የሩስያው ሶኮሎቭ አንድ ዓይነት ድምፅ ለአንድ ሰው ደጋግሞ አሰማ፤ የመዳፉ ምላሽ እያነሰ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገው፤ ምላሹ ተመለሰ! ከተለመደው ቀድሞ ሲያቋርጠውም ሰውየው ለጸጥታው መልስ ሰጠ። መደንገጥ ከጩኸት ብቻ የሚመጣ ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር። አንጎል የለመደውን በልኩ ቀርጾ ይይዛል፤ የመጣው ከልኩ ሲወጣ ነው መዳፍ የሚረጥበው።

ይህን ምስኪን ዕጢ ግን «ውሸት መመርመሪያ» ብለው ስሙን አጠፉት። ይህ ሽቦ የተቀጠለለት ሌባ ሻይ ነው! ድሮ መድኃኒት ያጠጡት ልጅ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር፤ ዛሬ መዳፉ የረጠበው። ንጹሕ ሰውም «ሰርቀሃል?» ሲሉት ይረጥባል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊከን በ1959 እ.ኤ.አ. የተሻለ መላ አመጣ፦ ሌባው ብቻ የሚያውቀውን ዝርዝር ከሌሎች ጋር ቀላቅሎ ማሰማት። ሌባው ባይናገርም መዳፉ ያቺን ነጥሎ ይነቃባታል። የሚለካው መዋሸቱ ሳይሆን ነገሩ ለእሱ ትርጉም ያለው መሆኑ ነው።

ባለፈው መጋቢት አንድ የሀገሬ ልጅ የእጅ ሰዓቱን እያሳየ «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ተጨንቀሃል ይለኛል» አለኝ። «ልጄ፣ የጁባ ሙቀት ነው እንጂ ምን ጭንቀት አለብህ?» አልኩት። የእጅ አንጓ በዋናነት ለሙቀት ያልባል፤ ለትኩረት የሚያልቡት መዳፍና የውስጥ እግር ናቸው። እነሱንም ቢሆን ሰውየውን እያስወሩ ወይም እያሳሉ የሚለኩ ሰዎች ያናድዱኛል፤ አንድ ረጅም ትንፋሽ እንኳ ምላሽ ይቀሰቅሳል።

ይህን ስነግረው ጀኔሬተሩ ተነሣ፤ ሁላችንም ዞርን። ጠፋ፤ እንደገና ዞርን። ዳግመኛ ሲነሣ ቶና እየተቀዳ ነበር፤ ዞር ያለም የለም።