ባሕር ዳር ያለን ፋይል ሲሪንቃ ላይ መክፈት

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ሐብሩ ወረዳ ውስጥ፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ግራና-1 እና ምስክር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች የወጡት ከዚህ ነው። አንድ ዝርያ በሲሪንቃ፣ በቆቦና በጨፋ ማሳዎች የተለያየ ምርት ሲሰጥ ምክንያቱን የሚፈልግ ተመራማሪ፣ ዝናቡ በየቦታው መቼ እንደገባና መቼ እንደቆመ ከምርት መዝገቡ ጎን ማየት አለበት። የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ደግሞ በየማሳው የለም።

ይህን ክፍተት ከሚሞሉት አንዱ ቺርፕስ የሚባለው መረጃ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ያዘጋጁት ሲሆን፣ የሳተላይት ምስልን ከምድር ጣቢያዎች ልኬት ጋር አዋህዶ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዘነበውን በየአምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይነግረናል። በሁለተኛው ስሪቱ የአንድ ወር ፋይል 7,200 ዓምድና 2,000 ረድፍ አለው። ሳይጨመቅ ሲቀመጥ 57.6 ሜጋባይት ይሆናል። የአርባ ዓመት 480 ወራት ሲደመሩ ከ27 ጊጋባይት ይበልጣሉ። ለሲሪንቃ የሚያስፈልገው ግን ከእያንዳንዱ ፋይል አንድ ነጥብ ብቻ ነው።

ፋይሎቹ ባሕር ዳር ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ተመራማሪው ሲሪንቃ ሆኖ ሁሉንም ሳያወርድ፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዳሉ አድርጎ ሊከፍታቸው ይችላል። ይህ አሠራር ማውንት ማድረግ ይባላል። የሩቁ ሰርቨር አንድ ፎልደር በኮምፒውተሩ ላይ እንደ ተራ ፎልደር ይታያል። ኤክሴልም ሆነ አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ስለ ኔትወርክ ምንም ሳያውቁ ከዚያ ያነባሉ። በእኔ እምነት የዚህ አሠራር ትልቁ ውለታ ይኸው ነው፦ ተመራማሪው የለመደውን ፕሮግራም ሳይለውጥ ርቀቱ ይጠፋለታል።

ፋይልን ከሩቅ የማምጣቱ ሥራ የቆየ ነው። ኤፍቲፒ የተባለውን ፕሮቶኮል ሕንዳዊው አብሃይ ቡሻን በኤምአይቲ ሳለ የጻፈው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ቺርፕስ ራሱ ለዓመታት በኤፍቲፒ ሲታደል ቆይቷል። ኤፍቲፒ ሁለት መስመር ይከፍታል፤ በአንዱ ትእዛዝ፣ በሌላው ፋይሉ ይሄዳል። የሚያውቃቸው ትእዛዞች ቀላል ናቸው፦ ዝርዝሩን አሳየኝ፣ ይህን ፋይል ስጠኝ፣ ይህን ተቀበለኝ።

ፕሮግራሞች ግን ፋይልን የሚጠይቁት በሌላ መንገድ ነው። «ከ20 ሚሊዮንኛው ባይት ጀምረህ 28,800 ባይት ስጠኝ» ይላሉ። በኤፍቲፒ ከመሃል ጀምር ማለት ይቻላል፤ እዚህ ላይ አቁም ማለት ግን አይቻልም፤ ያለው አማራጭ ግንኙነቱን መበጠስ ነው። ከፋይሉ መሃል ጥቂት ቁጥር ለማረምማ አስተማማኝ መንገድ የለም፤ ሙሉው ወርዶ፣ ታርሞ፣ እንደገና ሙሉው ይላካል። እፍኝ ማሽላ ለናሙና የፈለገን ሰው ጆንያውን ተሸክመህ ሂድ እንደማለት ነው።

በፕሮግራሞቹና በሩቁ ሰርቨር መካከል ቆሞ የሚያስማማው ፊውዝ ይባላል። የጻፈው የሃንጋሪው ሚክሎሽ ሴሬዲ ሲሆን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት የሆነው ከርነል አካል ነው። ቀድሞ የፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች የሚቀመጡበትንና የሚነበቡበትን ሥርዓት፣ መጻፍ የከርነል ጠበብት ሥራ ነበር፤ ትንሽ ስሕተት መላውን ኮምፒውተር ይጥል ነበርና። ፊውዝ ሥራውን ለተራ ፕሮግራም ሰጠው። አር ፋይል ሲከፍት ጥያቄው ወደ ከርነሉ ይገባል፤ ከርነሉ ለፊውዝ ፕሮግራሙ ያስተላልፋል፤ ያ ፕሮግራም በኔትወርክ ሰርቨሩን ጠይቆ መልሱን በመጣበት መንገድ ይመልሳል።

በዚህ መንገድ ኤፍቲፒንም ማውንት ማድረግ ይቻላል፤ ዛሬ ግን አልመክረውም። ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥር ይልካል። ክሮምና ፋየርፎክስም በ2021 እ.ኤ.አ. አስወጥተውታል። የሚሻለው ኤስኤፍቲፒ ነው። ስሙ ቢቀራረብም ዘሩ ሌላ ነው፤ የሚጓዘው በተመሰጠረው በኤስኤስኤች መስመር ውስጥ ነው። ኤስኤስኤችን ፊንላንዳዊው ታቱ ኡሎነን በ1995 እ.ኤ.አ. የሠራው በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላት ከተሰረቁ በኋላ ነበር። ኤስኤፍቲፒ «ከዚህ ባይት ጀምረህ ይህን ያህል» የሚለውን ጥያቄ በቀጥታ ይረዳል። ይህን ተጠቅሞ ማውንት የሚያደርገውን ኤስኤስኤችኤፍኤስንም የጻፈው ሴሬዲ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ፋይሉ ካልተጨመቀና በረድፍ ከተደረደረ፣ ሲሪንቃ ያለችበት አንድ ረድፍ 28,800 ባይት ነው። የ480 ወራቱ ረድፎች ተደምረው 14 ሜጋባይት አይሞሉም። ሊኑክስ አስቀድሞ የሚያነበው ትርፍ ቢጨመርበትም ከ27 ጊጋባይት ጋር አይነጻጸርም። ፋይሉ እንዳለ ከተጨመቀ ግን ይህ ጥቅም ይቀራል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ የሚያስቀምጠው ሰው ስለ አቀማመጡ ሊያስብበት ይገባል።

ሌላው ወጪ ምልልሱ ነው። አንድ ጥያቄ ሄዶ ለመመለስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢወስድና ለእያንዳንዱ ፋይል አራት ምልልስ ቢያስፈልግ፣ 480ዎቹ በሦስት ደቂቃ ገደማ ያልቃሉ። በወር ፋንታ በየቀኑ የተሠሩትን 14,610 ፋይሎች ለሚያነብ ግን ያው ሥራ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ነው። የመስመሩ ስፋት ቢጨምር ይህን አያሳጥረውም፤ የሚያሳጥረው የተነበበውን በቅርብ ማቆየት ነው። ቪንሰንት ኬት በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1992 እ.ኤ.አ. አሌክስ በተባለው ሥራው የዓለምን የኤፍቲፒ ሰርቨሮች እንደ አንድ ፋይል ሲስተም ሲያቀርብ ለዚህ ግሩም ብልሃት አገኘ፦ ለረጅም ጊዜ ያልተለወጠ ፋይል ነገም የመለወጥ ዕድሉ ትንሽ ስለሆነ፣ ቅጂው በዕድሜው ልክ ይታመን። ለዝናብ መረጃ ይህ በልኩ የተሰፋ ነው። የ1984 እ.ኤ.አ. ክረምት ፋይል ተረጋግቷል፤ ያለፈው ወር ግን በጊዜያዊ ቅጂ ወጥቶ በቀጣዩ ወር ሦስተኛ ሳምንት ገደማ በመጨረሻው ይተካል።

ርቀቱን የሚደብቀው ይህ አሠራር መስመሩ ሲቋረጥ ይከብዳል። አጠገብ ያለ የሚመስለው ፎልደር ድንገት መልስ ያቆማል፤ የከፈተውም ፕሮግራም አብሮ ይደርቃል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሆነውን የሚያስታውስ አንባቢ፣ የዕለት ሥራን ሙሉ በሙሉ በማውንት ላይ መጣል ምን እንደሚያስከትል ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ማውንት የተደረገ ፎልደር መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ሲሪንቃ ላይ የተሰረዘ ፋይል ባሕር ዳርም ተሰርዟል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማዕከሉ በሰሜኑ ጦርነት፣ በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ለዘረፋና ለውድመት የተዳረገ ነው። የዝናቡን ፋይል ሳንታ ባርባራ ዳግም ይሰጣል። የአቀንጭራ ቆጠራን፣ የአበባ ቀንን፣ የማሽላ ቁመትን በየማሳው የያዘ መዝገብ ግን ሌላ ምንጭ የለውም።

ስለዚህ ሁለቱ በተለያየ መንገድ ቢያዙ ይሻላል። የዝናቡ ፎልደር ለንባብ ብቻ ተብሎ ማውንት ይደረግ፤ ያኔ እጅ ቢስትም የሚሰረዝ የለም። የማሳው መዝገብ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይጻፍ፤ መስመር በተገኘ ሰዓት ቅጂው ወደ ባሕር ዳር ይላክ። ሰርቨሩም አዲሱን በአሮጌው ላይ ሳይደርብ በየቀኑ ለየብቻ ያስቀምጠው።