የሠዓሊው አደራ፦ መሣል፣ ማስተማር፣ መጠበቅ

መስከረም 17 ቀን የምናከብረው የመስቀል በዓል በመጽሐፍ ብቻ ተጽፎ የቀረ ታሪክ አይደለም። ንግሥት ዕሌኒ ደመራ አስደምራ፣ ዕጣኑ ጢሱ ሰግዶ ቅዱስ መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ እንዳመለከታት፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችንና አባቶቻችን ከቤተ መቅደሱ ግድግዳ ሥዕል አንብበውታል። ስለዚህ ቅዱስ ሥዕል ጌጥ ሳይሆን ትምህርት ነው።

በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ከተማ ሳይርቅ የሚገኘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ በስሙ ይህን በዓል ያስታውሰናል። ከዓለት የተፈለፈለው ይህ ቤተ ክርስቲያን የዋግሹሞች ዐፅም ያረፈበት የጥበብ ማኅደር ነው። በጎረቤት ላስታ፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ጣራው በልዩ ልዩ ሐረግና በእንስሳት ምስል የተዋበ ሲሆን፣ የግድግዳው ሥዕላት በሀገራችን ካሉት ጥንታውያን መካከል ይቆጠራሉ።

ይህ ጥበብ ሳይቋረጥ የደረሰን በሦስት አገልግሎቶች ነው። ሠዓሊው ይሥላል፤ ቀለም እየበጠበጠ ከእግሩ ሥር የሚማረውን ደቀ መዝሙር ያስተምራል፤ የተሣለውንም ገበዙ ይጠብቀዋል።

በቅርቡ ዘመን ይህን አደራ ከተሸከሙት አንዱ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። በሰላሌ ፍቼ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ ተወልደው፣ በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረዋል። ትምህርታቸውን ፈጽመው ሲመለሱ፣ ለአብያተ ክርስቲያናት ቅዱሳት ሥዕላትን ከመሣል ጋር ወጣቶችን ሰብስበው ማስተማር ያዙ። በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቁመው ለረጅም ዓመታት በዲሬክተርነት መሩት። በ2008 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራ ነበር፤ ዛሬም ይጠራል።

በዚያው ትምህርት ቤት ካስተማሩት አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በእጃቸው የሚጽፉና የሚያስጌጡ ሊቅ ነበሩ። ልጅየው ከጀርመን ትምህርቱ ሲመለስ በአዲስ ስልት ሣለ፤ ሆኖም «ጎልጎታ» በተባለው ሥራው የተመለሰው ወደ አባቱ መጽሐፍ፣ ወደ መስቀሉ ነው። መምህር ደቀ መዝሙሩን ሥሩን ሳያስቆርጥ ሲያስተምር ፍሬው እንዲህ ይሆናል።

ሦስተኛው አገልግሎት ግን ለሠዓልያን ብቻ አይተውም። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሙዚየሙ ብዙ ጥንታውያን ሥዕላትን ሰብስቦ ጠብቋል። በየገጠሩ አጥቢያ ያለው ሀብት ግን ጠባቂው ካህኑና ምእመናኑ ናቸው። ጣራ ሲያፈስ ውኃው ሥዕሉን ያጥባል፤ ከግድግዳ ተጠግቶ የሚበራ ጧፍ ያጠቁረዋል። ከሁሉም የከፋው በቅን ልቡና የሚፈጸመው ጥፋት ነው፤ «ደብዝዟል፣ ይታደስ» ተብሎ የገበያ ቀለም ሲቀባበት የዘመናት ትምህርት በአንድ ቀን ይሸፈናል።

እንግዲህ በየአጥቢያችን አሮጌው ሥዕል ከመነካቱ በፊት ባለሙያ ይጠየቅ፤ ጣራው አስቀድሞ ይጠገን፤ ሥዕል የሚወድ ልጅም ከመምህር ጋር ይገናኝ። ዕሌኒ የተቀበረውን መስቀል ቆፍራ አወጣች፤ እኛም በፊታችን ያለውን በቸልታ አንቅበር።

የመስቀሉ በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። መልካም በዓል!