ስልኩ የአበባውን ስም ነገረን፤ ከዚያስ?

መስከረም ነው እንበል። የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ግቢው ወጥቷል። ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ስለተከለከለ ያለው የመምህሩ ስልክ ብቻ ነው፤ ለአንድ ክፍል እሱም ይበቃል። አይናቹራሊስት የሚባለውን መተግበሪያ ከፍቶ የባሕር ዛፍ ቅጠል ፎቶ ሲያነሳ ስሙ ወዲያው ይመጣል። ቀጥሎ አጥር ሥር የበቀለ አደይ አበባ ያነሳል። ስልኩ እዚህ ጋ ሊያመነታ፣ ወይም አሜሪካ የሚበቅል ዘመዱን ስም ሊሰጥ ይችላል።

ለምን? ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሰዎች ጭነውለት የተማረባቸውን ፎቶዎች ነው። በቂ ፎቶ ያልተሰበሰበለት ዝርያ ከምርጫው ውስጥ ጭራሽ የለም። ባሕር ዛፍ በመላው ዓለም ስለተተከለ ፎቶው ሞልቷል፤ የእኛዎቹ ግን ገና ናቸው። ስለዚህ የስልኩን መልስ እንደ ግምት ውሰዱት። አበባውን፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ አንሱ፤ የአካባቢውን ስም ማስታወሻው ላይ ጻፉ፤ የተተከለ ከሆነ ምልክት አድርጉ። ኔትወርክ ከሌለ በኋላ ይጫናል። ከዚያ ሌሎች ተጠቃሚዎች አይተው ያርሙታል።

ስም ማወቅ ግን ገና ብዝኃ ሕይወትን መለካት አይደለም። በአንድ ግቢ 18 ባሕር ዛፍ፣ 1 ጽድና 1 ወይራ አለ እንበል። በሌላው ደግሞ 7 ባሕር ዛፍ፣ 7 ጽድና 6 ወይራ። በመተግበሪያው ዝርዝር ሁለቱም 3 ዝርያ ስላላቸው እኩል ይመስላሉ። 18ኛውን ባሕር ዛፍ ፎቶ የሚያነሳ ማን አለ? ሁሉም የሚሮጠው ወደ ብርቁ ነው።

አሁን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከአንዱ ግቢ ሁለት ዛፍ ምረጡ። ከ20 ዛፍ 190 ጥንድ ይወጣል። በመጀመሪያው ግቢ ዝርያቸው የሚለያየው 37 ጥንዶች ብቻ ናቸው፤ በሁለተኛው 133። ሲካፈል 0.19 እና 0.70 ይሆናል። ኤድዋርድ ሲምፕሰን በ1949 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መለኪያ መነሻው ይኸው ነው። ተማሪዎች በእግራቸው ዞረው ይቁጠሩ፣ ደብተር ላይ ይመዝግቡ፤ ኤክሴል ካለ ስሌቱን ይሠራል፣ ከሌለም በእጅ ይወጣል።

ልዩነቱ የቁጥር ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ባሕር ዛፍን ብቻ የሚያጠቃ በሽታ ገብቶ ሁሉንም ቢያደርቅ፣ ሁለተኛው ግቢ 13 ዛፍ ይቀረዋል። የመጀመሪያው 2።